ፔት ሾፕ ቦይስ መቼ ነው ያደጉት?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። ከላዩ ላይ "ያንተን ሰዎች አንስተዋቸዋል፤ አንብበህ ተናደድ" ብሎበታል። አነበብኩት። እውነትም ተናደድኩ። ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ ግን አይደለም። ግማሹ ልክ ነው። እንዲህ ያለውን መመለስ ደግሞ ከናካቴው የተሳሳተውን ከመመለስ ይከብዳል።

ነገሩ ስለ ፔት ሾፕ ቦይስ ነው፤ ኒል ቴናንትና ክሪስ ሎው ስለሚባሉት ሁለት እንግሊዛውያን። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ሰዎቹ በ1980ዎቹ ቀላል የዳንስ ዘፈን ይሠሩ ነበር። በ1990 "ቢሄቭየር" የተባለውን አልበም ሲያወጡ በሰሉ። የበሰሉትም ማሽኑን ወደ ጎን አድርገው ቫዮሊንና ጊታር ስላስገቡ ነው። አድማጩ ግን ብስለቱን አልፈለገውም፤ አልበሙ ወደቀ። የቴናንት ድምፅ ድሮም ስሜት አልነበረውም፤ ሙዚቃው ሲረጋጋ ጉዱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የጡረታ ሥራ ነው። በጊዜ ቢያቆሙ ኖሮ ክብራቸው ይጠበቅ ነበር።

አምስት ክስ ነው። ሁሉንም እመልሳለሁ፤ እኩል ግን አይደለም። አንዱ ሰፊ ነው፣ ሌላው በሁለት ቁጥር ያልቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ "ቀላል የዳንስ ዘፈን" የምትለዋን ላንሳ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። "ዌስት ኤንድ ገርልስ"ን የሰማሁት ታላቅ ወንድሜ ሙዚቃ ቤት አስቀድቶ ባመጣው ካሴት ነው። የዘፋኙ ስም የለ፣ የዘፈኑ ርዕስ የለ። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ "ዲስኮ ቁ. 4" ተብሎ ተጽፏል። በቃ፣ ዲስኮ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እንግሊዝኛው ገብቶኝ መልሼ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊያችን ግን እስካሁን ያንኑ ካሴት የሚሰማ ይመስለኛል።

ቴናንት ያንን ዘፈን ሲጽፍ ሁለት ነገር በጆሮው ነበር። አንዱ የግራንድማስተር ፍላሽ "ዘ ሜሴጅ" ነው፤ የኒውዮርክን የድሃ ሰፈር ኑሮ የሚተርክ ራፕ። ሌላው የቲ. ኤስ. ኤልየት "ዘ ዌይስት ላንድ" (ጠፍ ምድር) ግጥም ነው፤ ማን እንደሚናገር ሳይነገራችሁ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደራረብበት። ዘፈኑ መሀል ላይ የጄኔቭ ሐይቅና የፊንላንድ ጣቢያ ይነሳሉ። ሌኒን በ1917 ከስዊዘርላንድ ተነስቶ ሩሲያ የገባበት የባቡር መንገድ መሆኑ ነው። እንግዲህ አስቡት። ያኔ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ቆሞ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዲስኮ ነው ብለን በሌኒን ባቡር እንጨፍር ነበር።

ደግሞ እነዚህ ሰዎች ልጅ ሆነው አልጀመሩም። ቴናንት ታሪክ ያጠና ሰው ነው። "ስማሽ ሂትስ" በተባለው የሙዚቃ መጽሔት ውስጥ ሠርቷል፤ ሥራው የሌሎችን ዘፋኞች ወሬና ዘፈን መጻፍ ነበር። ሎው የብላክፑል ልጅ ነው፤ አርክቴክቸር ተምሯል። በ1981 ለንደን ውስጥ ኪንግስ ሮድ ላይ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በአጋጣሚ ተገናኙ። "ዌስት ኤንድ ገርልስ" በ1986 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ቴናንት 31 ዓመቱ ነበር። እኛ ሰፈር በ31 ዓመታችሁ የምትጠየቁት መቼ እንደምታገቡ ነው። መቼ እንደምታድጉ የሚጠይቅ የለም።

በ1987 የወጣውን "አክቹዋሊ" አልበም ውሰዱ። "ሾፒንግ" ስትሰሙት ገበያ ስለ መውጣት ይመስላል። የሚሸጠው ግን አገር ነው፤ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ሲያዞር እያሾፈበት ነው። "ሬንት" በቅምጥነት ስለሚኖር ሰው ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍልለትን ይወደዋል፤ ፍቅሩ የቱ ጋ አልቆ ገንዘቡ የቱ ጋ እንደሚጀምር ግን ራሱም አልለየውም። "ኢትስ ኤ ሲን" ደግሞ ቴናንት ኒውካስል ከተማረበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። የሚያደርገውም፣ የሚያስበውም፣ ሊያደርግ ያሰበውም ሁሉ ኃጢአት እንደሆነ ተነግሮት ያደገ ልጅ ነው የሚናገረው። ጾምና ስግደት ባለበት ቤት ያደገ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም። ይህም ዘፈን አንደኛ ወጣ። ሰው ሁሉ ጨፈረበት።

ለኔ ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው።

ቴናንት ከኒውካስል ዘመኑ ጀምሮ የሚያውቀው ጓደኛ ነበረው። በዚያ ጊዜ ስለ ኤድስ ሲወራ የአሜሪካ ነገር ነው፣ እዚህ አይደርስም ይባል ነበር። ደረሰ። ጓደኛው ታመመ። "ኢት ኩድንት ሃፕን ሂር" የተባለው ዘፈን ከዚህ ወጣ። "እዚህ ሊሆን አይችልም" ማለት ነው። ያለውም "አክቹዋሊ" ላይ ነው፤ 1987። ዜማው ላይ ኤንዮ ሞሪኮኔ አለበት፤ ያ የካውቦይ ፊልሞቹ ሙዚቀኛ። የኦርኬስትራውን ቅንብር የሠራው አንጀሎ ባዳላሜንቲ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ጓደኛው በ1989 ሞተ። በዚያው ዓመት "ዩር ፈኒ አንክል" የምትባል አጭር ዘፈን ወጣች። የቀብሩን ቀን ትተርካለች። ያኔ አልበም ላይ እንኳ አልገባችም፤ ከአንድ የዳንስ ነጠላ ዜማ ጀርባ ነው የተለጠፈችው። ማለቂያዋ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ ነው፤ ሥቃይና ኀዘን ስለማይኖርበት ጊዜ የሚናገረው። በ1990 ደግሞ "ቢይንግ ቦሪንግ" መጣ፤ "ቢሄቭየር" የሚከፈትበት ዘፈን።

ሕመሙ፣ ቀብሩ፣ ትዝታው። ሦስት ዘፈን ነው። ጸሐፊው ሦስተኛውን ሰምቶ "ያኔ በሰሉ" አለ። ለቅሶ ቤት በአርባው ደርሶ ኀዘኑ ዛሬ የገባ የመሰለው ሰው ሆነብኝ።

"ቢይንግ ቦሪንግ" ላይ ትንሽ ልቆይ። ርዕሱ "አሰልቺ መሆን" ነው። መነሻው የአሜሪካዊው ደራሲ የስኮት ፊትዝጀራልድ ሚስት ዜልዳ ፊትዝጀራልድ በ1922 ስለዘመኗ ወጣት ሴት የጻፈችው ነገር ነው፤ ሴትዮዋ ተሰላችታ አታውቅም፣ ምክንያቱም ራሷ አሰልቺ አልነበረችም የሚል። ዘፈኑ ሦስት አንጓ አለው። በመጀመሪያው ሰውየው የድሮ ፎቶዎችንና የግብዣ ወረቀቶችን ያገኛል፤ አንዱ ግብዣ ላይ የአንድ የ1920ዎቹ ታዋቂ ደራሲ ሚስት ቃል ተጠቅሷል። በሁለተኛው 1970ዎቹ ገብተዋል፤ አንድ ወጣት ዕቃውን አንጠልጥሎ ከባቡር ጣቢያ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ያ ወጣት ሰው ሆኗል፤ ሊሆን የተመኘውን ሆኗል። ዞር ብሎ ሲያይ አብረውት ሊኖሩ ይገባ ከነበሩት አንዳንዶቹ የሉም። "ኤድስ" የሚል ቃል የለበትም። "ሞት" የሚልም የለበትም።

እኛ እንዲህ ላለው ስሜት ስም አለን። ቅኝቱ ትዝታ ነው አላልኩም፤ አይደለም። ነገሩ ግን ትዝታ ነው። ትዝታ ሲዘፈን ዘፋኙ የሄደውን ሰው አይጠራም፤ ትዝታን ራሱን ነው የሚያናግረው። ቴናንትም ያደረገው ይህንኑ ነው። እና ደግሞ ልብ በሉ፣ ከሥሩ ያለው ድራም አልቆመም። ቀነስ አለ እንጂ ያው የዳንስ ምት ነው። ፔት ሾፕ ቦይስ በ1990 ያደረጉት ድምፁን መቀነስ ነው። ሲቀንሱት ከሥር ድሮም የነበረው ተሰማ።

ሁለተኛው ክስ ማሽኑን ወደ ጎን አደረጉት የሚለው ነው። ነገሩ ግን የዚህ ግልባጭ ነው።

"ቢሄቭየር"ን ለመሥራት ሙኒክ ሄዱ፣ ሃሮልድ ፋልተርማየር ዘንድ። "ቤቨርሊ ሂልስ ኮፕ" ፊልም ላይ ያለችውን "አክስል ኤፍ" የሠራው ሰው ነው። ስሟን ባታውቁ ዜማዋን ታውቋታላችሁ፤ ከኪቦርድ በቀር ምንም የላትም ማለት ይቻላል። ለምን እሱ ጋ ሄዱ? አሮጌ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ስለነበሩት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስቱዲዮው ሁሉ በዲጂታልና በሳምፕለር ተይዞ ነበር። ሳምፕለር የተቀዳ ድምፅ መልሶ ያወጣል፤ መቶ ጊዜ ብትነኩት መቶ ጊዜ ያው ነው። አናሎጉ ግን ድምፁን ከኤሌክትሪኩ እዚያው ይፈጥረዋል። ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ እንደ ክራር ክር መቃኘት ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም። ሰው ያንን አልበም ሲሰማ "ሙቀት አለው" የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙቀቱ የመጣው ከማሽን ነው፤ ያውም ሌላው ሰው ጊዜው አልፎበታል ብሎ ከተወው ማሽን።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ እንግሊዛዊው የሲንተሳይዘር ባንድ ዲፔሽ ሞድ "ቫዮሌተር"ን አውጥተው ነበር። እነ ቴናንት አልበሙ እንዳስቀናቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ቅናት ደግሞ ጥሩ መምህር ነው። እና ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙ። አንዱም ማሽኑን ወደ ጎን አላደረገም።

ቫዮሊኑና ጊታሩ ውሸት ነው አልልም። "ማይ ኦክቶበር ሲምፎኒ" ላይ የባላኔስኩ ኳርቴት (የአራት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን) ክሮች አሉ፤ አንድ የሶቪየት ሙዚቀኛ ለአብዮቱ የጻፈውን ሲምፎኒ አሁን ምን ላድርገው ብሎ የሚጨነቅበት ዘፈን ነው። (ስንት የኛ አገር ደራሲ ነው በ1991 ይህን ጥያቄ የጠየቀው!) ጊታሩን የተጫወተው የዘ ስሚዝስ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ጆኒ ማር ነው። የኦርኬስትራ ቅንብር የሠራላቸው ደግሞ ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ባዳላሜንቲ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አብሯቸው የነበረው ሰው ተመልሶ መጣ እንጂ አዲስ በር አልተከፈተም። በ1988 "ሌፍት ቱ ማይ ኦውን ዲቫይስስ" ሲወጣም አዘጋጁ ትሬቨር ሆርን ሙሉ ኦርኬስትራ አስገብቶበታል። ቴናንት አብዮተኛውን ቼ ጉቬራንና ፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ ደቡሲን በአንድ የዲስኮ ምት ላይ ያነሳቸው እዚያ ነው። ኦርኬስትራ የብስለት ምስክር ወረቀት ከሆነ ወረቀቱ ድሮ ተሰጥቷል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጸሐፊው አንድ ዘፈን መዝለሉ ነው። "ሃው ካን ዩ ኤክስፔክት ቱ ቢ ቴክን ሲሪየስሊ?" ይባላል። "ከምር እንድትወሰድ እንዴት ትጠብቃለህ?" እንደማለት። ያለውም እዚያው "ቢሄቭየር" ላይ ነው። የሚያሾፈው በድንገት ቁም ነገረኛ በሚሆኑ ዘፋኞች ላይ ነው፤ አልበም አውጥተው ዓለምን ለማዳን መግለጫ በሚሰጡት ላይ። "በሰሉ" የተባለበት አልበም በሳል ነን ባዮችን እያሾፈባቸው ነው! ይህን ዘልሎ ስለ ብስለት መጻፍ ይከብዳል።

ቀልዱ በዚህ አላበቃም። በመጋቢት 1991 ይህንኑ ዘፈን ከሌላ ጋር አጣምረው በነጠላ አወጡት። ሌላው የአየርላንዱ ባንድ የዩ ቱ "ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም" ነው፤ ዲስኮ አድርገውት፣ ከ1967ቱ "ካንት ቴክ ማይ አይስ ኦፍ ዩ" ጋር ሰፍተውት። ያ የዩ ቱ ዘፈን እኛንም ይነካናል። የባንዱ ዘፋኝ ቦኖ በ1985 ከባለቤቱ ጋር ለእርዳታ ሥራ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ግጥሙን የጀመረው እዚሁ እንደሆነ ተናግሯል። የዘመኑን እጅግ ቁም ነገረኛ ባንድ እጅግ ቁም ነገረኛ ዘፈን ወስደው አስጨፈሩበት። አራተኛ ወጣ። ይህን ያደረጉት እንግዲህ ማሽኑን ወደ ጎን ያደረጉት፣ ያደጉት፣ የተረጋጉት ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው ክስ፣ "አልበሙ ወደቀ"። ይሄ በቁጥር ያልቃል። "ቢሄቭየር" እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ወጣ። "አክቹዋሊ"ም ሁለተኛ ነበር። በ1988 የወጣው "ኢንትሮስፔክቲቭ"ም ሁለተኛ ነበር። ሁለተኛ ከነበረበት ሁለተኛ የሆነ ነገር የት ነው የወደቀው?

ጸሐፊው የያዘው "ቢይንግ ቦሪንግ" በነጠላ ሲወጣ 20ኛ መቅረቱን ነው። እሱ ልክ ነው። አራት ዘፈን አንደኛ ላስቀመጡ ሰዎች 20ኛ ደረጃ ያማል። ግን መንሸራተቱ ከመቼ ጀመረ? ስለዚህ የሚናገረው ቴናንት ራሱ ነው። አንድ ዘፋኝ የነካው ሁሉ ወርቅ የሚሆንበትን ዘመን "ኢምፔሪያል ፌዝ" ብሎ የሰየመው እሱ ነው፤ የንግሥና ዘመን በሉት። ዛሬ የሙዚቃ ጸሐፊ ሁሉ ይጠቀምበታል። የነሱ ንግሥና አበቃ ብሎ ያሰበው በ1988 ነው፤ "ዶሚኖ ዳንሲንግ" ዘጠነኛ ሆኖ ሰንጠረዡ ውስጥ ሲገባ። "ዶሚኖ ዳንሲንግ" ደግሞ የላቲን ቃና ያለው፣ ፀሐይ የሞላበት የዳንስ ዘፈን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳለጣቸው ጭፈራው ነው እንጂ ኀዘኑ አልነበረም።

"ቢይንግ ቦሪንግ" በኋላ ምን ሆነ? በ1991 ለጉዞ ኮንሰርት ሲወጡ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገቡትም ነበር። አድማጮች ቅር አላቸው። ሎስ አንጀለስ ላይ ከመድረክ ጀርባ መጥተው ቅር ካላቸው ሰዎች አንዱ የገንስ ኤንድ ሮዝስ ዘፋኝ አክስል ሮዝ ነው። ያ ሁሉ ጩኸትና ንቅሳት፣ የፈለገው ግን ይህን ለስላሳ ዘፈን። ዘፈኑን ጨመሩት። ከዚያ በኋላ የነሱ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው "ከሁሉ የምትወደው?" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው 20ኛ የቀረውን ነው።

አራተኛው ስለ ድምፁ ነው። እዚህ ላይ ክርክር ብዙም አያስኬድም፤ ጆሮ የየራስ ነው። የቴናንት ድምፅ ቀጭን ነው፣ አይጮህም፣ አይንቀጠቀጥም። ግማሹን እንደ ወሬ ነው የሚለው። ሎው ደግሞ መድረክ ላይ ኮፍያና መነጽር አድርጎ ኪቦርዱ ጀርባ ይቆማል፤ ፈገግ ካለ ዜና ነው። "በረዶ ናቸው" ቢባሉ አልገረምም።

ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ደረት የምትደቃ አለች። ጥግ ይዞ ነጠላውን አዘቅዝቆ ዝም ያለ አለ። የሟች ቅርቡ ማን እንደሆነ በጩኸቱ መጠን የሚለይ ሰው ካለ አገሩን አያውቅም። በ1987 የ1960ዎቹን ዝነኛ እንግሊዛዊት ዘፋኝ ዳስቲ ስፕሪንግፊልድን "ዋት ሃቭ አይ ደን ቱ ዲዘርቭ ዚስ?" ላይ ሲጋብዟት የሆነውን ስሙ። እሷ በዚያ በሚያጨስ ድምጿ ስትገባ ልብ ይርዳል። ርደቱ ግን የመጣው ከሷ በፊት እሱ ደረቅ አድርጎ ስላቆየው ነው። ስሜት የሌለው ሰው ይህን አይነት ቦታ ለሌላ ሰው አያዘጋጅም።

አምስተኛው የጡረታው ጉዳይ ነው፤ የተናደድኩትም እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው የአንድን ሙዚቀኛ ሕይወት እንደ ደረጃ ነው የሚያየው። ከታች ጭፈራ፣ መሀል ብስለት፣ ከላይ ጡረታ። (ስለ ደረጃ ከተነሳ፣ ሎው በተማሪነቱ ሚልተን ኪንስ ውስጥ እውነተኛ ደረጃ ነድፏል። ሰዎች እስካሁን ሄደው ፎቶ ይነሱበታል።) የነሱ መንገድ ግን ደረጃ አይመስልም። ከ"ቢሄቭየር" ሦስት ዓመት በኋላ "ቬሪ"ን አወጡ። ሽፋኑ ብርቱካናማ፣ ጎርበጥባጣ ፕላስቲክ ነው። እነሱ ሹል ረጅም ኮፍያ አድርገው በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ከሠሩት አልበም ሁሉ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው እሱ ብቻ ነው። እና የዚህ የደማቅ አልበም ትልቁ ዘፈን "ጎ ዌስት" ነው፤ የአሜሪካው የዲስኮ ቡድን የቪሌጅ ፒፕል የ1979 ዘፈን። መጀመሪያ የተጫወቱት በ1992 ማንቸስተር ውስጥ ለኤድስ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ምሽት ላይ ነበር። በ1979 ወደ ምዕራብ እንሂድ፣ እዚያ ነጻ ነን የሚል የደስታ ዘፈን ነው። በ1992 ግን ከሄዱት ብዙዎቹ በኤድስ ሞተዋል። ያው ቃል፣ ያው ዜማ፣ ከኋላው የወንዶች መዘምራን። ዜማውን ስታዲየም ውስጥ የሚዘፍነው የኳስ ደጋፊ ይህን አያስብም። ማሰብም የለበትም። ኀዘኑ ግን አለ፤ ድምፁ መልሶ ከፍ ስላለ ነው የማይሰማው።

በ2012 ሎስ አንጀለስ ሄደው "ኢሊዝየም"ን ሠሩ። ዝግ ያለ አልበም ነው። "ኢንቪዚብል" የሚል ዘፈን አለው፤ ድሮ ሲገባ ሁሉም ዞሮ ያየው የነበረ፣ አሁን ግን የጭፈራ ቤት ውስጥ ማንም የማያየው ሰው። ቴናንት ያኔ 58 ዓመቱ ነው። ጸሐፊው ይህን ይዞ "አለቀላቸው" አለ። በሚቀጥለው ዓመት "ኤሌክትሪክ" ወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭፈራ። ቴናንት 59። ወጣት ሆነው እንዲህ አልጨፈሩም ብል ማጋነን አይደለም።

እዚያው "ኢሊዝየም" ላይ "ዩር ኧርሊ ስተፍ" የምትባል ዘፈን አለች፤ "የድሮ ሥራዎችህ" እንደማለት። ከታክሲ ሹፌሮች ወሬ ነው የተሠራችው። ቴናንት ታክሲ ሲሳፈር ሹፌሩ በመስታወት ያየውና ይጀምራል፤ የድሮዎቹን እወዳቸው ነበር፣ አሁን ትሠራለህ ወይስ አረፍክ? ጸሐፊያችን ሳያውቀው የዚያች ዘፈን ሹፌር ሆኗል። መሪውን ይዞ ወደ ኋላ እያየ ይነዳል።

እኛ ዘንድ ግን ወንበሩ የተገለበጠበት ታሪክ አለ። በ1985፣ "ዌስት ኤንድ ገርልስ" እንደገና በተቀዳበት ዓመት፣ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። የአያቶቻችን ዜማ በማሽን ምት። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ዓለም ጉድ አለ። በ2018 አዲስ አልበም አወጣ፣ ከ70 ዓመቱ በኋላ። እሱን "በጊዜ ቢያቆም" የሚል ሀበሻ እስኪ ይምጣ። ለፈረንጆቹ ሲሆን ግን ለምን እንቸኩላለን?

በ2024 "ነንዘለስ" የተባለው አልበም ሲወጣ ቴናንት 70 ሊሞላው ወራት ቀርተውት ነበር። ይህም ሁለተኛ ወጣ፤ እንደ "ቢሄቭየር"። አዘጋጁ ጄምስ ፎርድ ኦርኬስትራውን መልሶ አስገብቶታል። "ዳንሲንግ ስታር" በ1961 ፓሪስ ላይ ከሶቪየት ባልደረቦቹ አምልጦ ስለቀረው የባሌት ዳንሰኛ ሩዶልፍ ኑሬየቭ ነው። ኑሬየቭም በኤድስ ነው የሞተው፣ በ1993። ዘፈኑ ግን እሱን አያነሳም፤ ሰውየውን ሲዘል ነው የሚያሳየው። "ኒው ለንደን ቦይ" ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ስለገባ ልጅ ነው። "ቢይንግ ቦሪንግ" ሁለተኛው አንጓ ላይ ዕቃውን ይዞ ከባቡር ጣቢያ የሄደው ወጣት ትዝ ይላችኋል? ከ34 ዓመት በኋላ የደረሰበትን ከተማ አገኘነው።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ረትቶኛል፤ አልደብቅም። በ2002 የወጣው "ሪሊዝ" ላይ ጊታሩ በዝቷል። ያኔ እውነትም ከምር ለመወሰድ የፈለጉ ይመስላሉ፤ በ1990 ያሾፉበትን ነገር ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። "ሆም ኤንድ ድራይ"ን እወደዋለሁ። ቀሪውን ግን እያዛጋሁ ነው የምሰማው። እሱን አልበም "ማሽኑን ወደ ጎን አደረጉት" ቢለው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አልበሙን ተሳስቶ ነው እንጂ ክሱስ ቦታ አለው።

ወዳጄ ደግሞ ማታ ደውሎ "ተናደድክ?" አለኝ። ተናድጃለሁ አልኩት። ጸሐፊውን የሚያውቀው ከሆነ "ዩር ፈኒ አንክል"ን ይላክለት። ከዋናዎቹ አልበሞች በአንዱም ላይ ስለሌለች ባይሰማት አይፈረድበትም። አጭር ናት። እሷን ይስማና ከዚያ በሰሉ ያለበትን ዓመት እንደገና ይጻፍልኝ።